የአስታማሚዋ ክፍል

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። ይህ የሆነው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ አጥራቸው ከአጥራችን በተያያዘ ቤተሰብ ነው።

እማማ ጉልት ተቀምጠው፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ቸርችረው ሦስት ልጆች ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው። ታዲያ አንድ ጠዋት የደም ግፊታቸው አሻቀበና ስትሮክ ጣላቸው። ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ሆስፒታል ሰንብተው ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤት ሆነው ይታገዙ» ብሎ ሸኛቸው። ልጆቹ ተያዩ። ታላቂቱ አስተማሪ ናት፤ ወንድሟ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ታናሺቱ ኑሮዋ ዋሽንግተን ነው። ቀኑን ማን ይዋል? ሌሊቱን ማን ይደር? ታናሺቱ «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» አለች፤ አብራቸው የምታድር አስታማሚ ለመቅጠር ተስማሙ።

ከዚያማ ቤቱ ተገለባበጠ። የእማማ አልጋ ከግድግዳው ተላቆ በግራም በቀኝም መቆሚያ ተበጀለት። እግሮቹ ሥር ጠርብ ገብቶ ከፍ አለ፤ ዝቅ ያለ አልጋ የአስታማሚን ወገብ ይቆርጣልና። የሚያደናቅፈው ምንጣፍ ተጠቅልሎ ወጣ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ወደ ውጭ እንዲከፈት ተደረገ፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩ ላይ ተደግፎ መግቢያ እንዳይዘጋ። ከመቀመጫው ጎን የእጅ መያዣ ብረት ተተከለ። ውኃ በፈረቃ ነውና በርሜል ተገዛ። ጎረቤቱ ሁሉ «ልጅ መውለድ እንዲህ ነው!» አለ።

አስታማሚዋ መጣች። ቤሩት አሮጊት ስታስታምም ኖራ የተመለሰች ሴት ናት። ለእማማ ዝቅ ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ አልጋውን አየች፣ በሩን አየች፣ ደስ አላት። ቀጥላም «እትዬ፣ እኔስ የት ነው የምተኛው?» አለች።

«እዚሁ አልጋቸው ሥር ፍራሽ እናነጥፍልሻለን። ሲጣሩ እንድትሰሚ።»

ልብ በሉ፣ ታላቂቱ ክፋት አስባ አይደለም። በየቤቱ የለመድነው ይኸው ነው። ሴትዮዋ ግን ዝም አላለችም።

«እትዬ፣ ቤሩት በረንዳ ላይ ነበር የምተኛው። ቀን ቤት ሳጸዳ እውላለሁ፣ ሌሊት አሮጊቷን ሳገላብጥ አድራለሁ። አንድ ሌሊት የግፊታቸውን ክኒን ሰጥቼ፣ መስጠቴን ረስቼ፣ ደግሜ ልሰጥ ውኃ ቀዳሁ። ያስታወሰኝ ባዶው ማሸጊያ ነው። ክፉ ሆኜ አልነበረም፤ እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት፣ ብዙ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው እንደሄዱ ታስታውሳላችሁ። ከእነዚያ አንዷ እሷ ነበረች።

ሌሊት መነሣቱ ግን የማይቀር ነው፤ «ያልተገላበጠ ያራል» ይባል የለ? ራሱን ማንቀሳቀስ ያልቻለ ሕሙም በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ተረከዙ፣ ዳሌው፣ ወገቡ ይቆስላል። እንግዲህ ከማታው 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ስንቴ መነሣት እንደሆነ አስሉት። ቀኑን የምታጥበው፣ የምታበላው ሴት ሌሊቱንም ብቻዋን ከያዘችው፣ ድካሙ የእሷ፣ ጉዳቱ የእማማ ነው።

ሹፌሩ «ሕጉስ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ። ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን መለሱለት። «በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2601፣ ሠራተኛው አብሮት የሚኖር አሠሪ በማደሪያው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ የሠራተኛውን ጤና እንዲጠብቅ ታዟል። የዓለም ሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 189 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት 24 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ይገባዋል ብሏል።»

በማግሥቱ ዕቃ ቤቱ ተራገፈ። የጤፉ ጆንያ ወጣ፣ ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ መስኮቱ መስታወት ገባለት። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ቁልፉም በእጇ። ከመርካቶ ሽቦ አልባ የበር ደወል ተገዛ፤ መጫኛው በእማማ ግራ እጅ በኩል፣ በሚታዘዝላቸው ጣት አጠገብ አልጋው ላይ ታሰረ፤ ድምፁ የሚሰማበት ክፍል ተራኛው የሚያድርበት ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ታላቂቱ ትነሣለች፤ ከዚያ ወዲያ አስታማሚዋ። ቅዳሜ ማታ ወንድምየው ይረከባል፤ እሷ እስከ ሰኞ ጠዋት ነፃ ናት። ደመወዟና የዕረፍት ቀኗ በወረቀት ሰፍሮ ተፈረመ። የመድኃኒቱ ሰዓት የሚመዘገብበት ደብተር ራስጌ ላይ ተንጠለጠለ፤ የሰጠ ሁሉ እዚያው ይፈርማል።

እሷም ያወቀችውን አልሰሰተችም። «በደከመው ክንዳቸው አትጎትቷቸው፣ ትከሻቸው ይወልቃል» አለች። ሲበሉ ቀና ብለው እንዲቀመጡ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት እንዳይጋደሙ፣ ጉርሻው ትንሽ ትንሽ እንዲሆን ልጆቹን አስተማረች። ገላቸውን ስታጥብ በነጠላ ሸፍና፣ የምታጥበውን ብቻ እየገለጠች ነው፤ መጀመሪያ ግን «እማማ፣ ልጀምር?» ትላለች። እማማ ራሳቸውን ካልነቀነቁ አትነካቸውም። ከልጆቻቸው በቀር ገላቸውን ለማንም ያላሳዩ ሴት እጇን የለመዱት በዚህ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እናት አባታችሁን ለሰው እጅ ልትሰጡ ስትነሡ ስለ ደመወዝ ከመነጋገራችሁ በፊት ያ ሰው የሚያድርበት ቦታ ሄዳችሁ እናንተው አንድ ሌሊት እደሩበት። በየሁለት ሰዓቱ ተነሡ፤ ጠዋት ሥራ ግቡ። እናንተ ያልቻላችሁትን ሌላ ሰው ይችለዋል ብላችሁ እናታችሁን አትተዉበት።