የነባሪ ፕሪንተር ፍተሻ

በየቢሮው «ዲፎልት ፕሪንተር» የሚባለውን ነባሪ ፕሪንተር እንለዋለን፤ ሌላ ሳንመርጥ ለኅትመት ስናዝ ሥራው በቀጥታ የሚሄድበት ማለት ነው። «አታሚ» ማተሚያ ቤትንም ስለሚያመለክት ፕሪንተር የሚለውን እንዳለ ወስደነዋል። የነባሪ ፕሪንተር ፍተሻ ደግሞ ነባሪው የትኛው እንደሆነና መሥራቱን በአጭር ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ተራ በተራ በሚፈጽማቸው የተጻፉ ትእዛዞች፣ ማረጋገጥ ነው።

ፍተሻው የሚያስፈልገው ነባሪው ባለቤቱ ሳያውቅ ስለሚቀየር ነው። ዊንዶውስ 10 ነባሪውን ራሱ የሚመርጥበት ማስተካከያ አለው፤ ሲበራ መጨረሻ የታተመበት ፕሪንተር ነባሪ ይሆናል። የዩኤስቢ ገመድም ጣጣ አለው። ለጽዳት የተነቀለው ገመድ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሲሰካ፣ ዊንዶውስ አንዳንዴ ያንኑ ፕሪንተር እንደ አዲስ ይመዘግብና ከስሙ ኋላ «ኮፒ 1» የሚል ይጨምርበታል። ነባሪ ሆኖ የሚቀረው የቀድሞው ስም ነው፤ እሱ ግን ኦፍላይን ሆኗል፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል። የቢሮው ጸሐፊ ደጋግማ ታዛለች፣ ሥራው ወረፋ ላይ ይከማቻል፣ ፕሪንተሩ መብራቱ እንደበራ አጠገቧ ጸጥ ብሏል። ባለጉዳይ ቆሞ እየጠበቀ ቶነር ይቀየራል፣ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ እንደገና ይጫናል፤ የተሳሳተው ግን ስሙ ብቻ ነው።

በዊንዶውስ ስክሪፕቱ ፓወርሼል በሚባለው የትእዛዝ ቋንቋ ይጻፋል። መጀመሪያ የነባሪውን ስም ይጠይቃል፤ ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ቀጥሎ ስፑለር፣ ማለትም የኅትመት ሥራዎችን ተቀብሎ የሚያሳልፈው አገልግሎት፣ መነሳቱን ያያል፤ ወረፋው ላይ የተጣበቀ ሥራ ካለም ይቆጥራል። የፕሪንተሩ ሁኔታ በቁጥር ይመጣለታል፦ 3 ሥራ ፈት፣ 4 በማተም ላይ፣ 7 ኦፍላይን። በዚህ ቁጥር ብቻ መተማመን አይገባም፤ ፕሪንተሩ ከጠፋ በኋላም 3 እያሉ የሚመልሱ ድራይቨሮች አሉ። የሙከራ ገጽ ማዘዝም ይቻላል። ሆኖም ትእዛዙ ተሳካ ማለት ሥራው ወረፋ ገባ ማለት ነው፤ ወረቀቱ መውጣቱን ሰው በዓይኑ ማየት አለበት።

ባለሙያዎችም የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። በዊንዶውስ ነባሪ ፕሪንተር የሚመዘገበው በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስም ነው። የአይቲ ሠራተኛው ስክሪፕቱን በራሱ አካውንት ካስኬደው የሚያገኘው የራሱን ነባሪ ነው፤ ሁሉ ደህና ብሎ ይሄዳል፣ የጸሐፊዋ ችግር ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ እሷ ኮምፒውተሩን ከፍታ በስሟ ስትገባ፣ በእሷ አካውንት እንዲነሳ መታቀድ አለበት።

ስክሪፕቱ ያገኘውን ስም ከሚጠበቀው ጋር ያስተያይ፤ ከተለየ መልእክት ያሳይ፣ ሰዓቱንም ፋይል ላይ ይመዝግብ። ነባሪውን በራሱ እንዲቀይር ግን አልመክርም፤ የጎረቤት ክፍሉን ፕሪንተር አስባበት የመረጠችው ጸሐፊዋ ራሷ ልትሆን ትችላለች።