የወይና ደጋ ወይን፦ የአንድ ቀን ጉብኝት የሚነግረንና የማይነግረን ታሪክ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የታሪክ ትምህርት ክፍል የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ)

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልሁ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ንግግሬን በአንድ ቃል ልክፈት፤ ቃሉ «ወይና ደጋ» ነው። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልን አገሪቱን በከፍታዋ ስንከፍል ኖረናል። በተለመደው አከፋፈል ወይና ደጋ የሚባለው ከባሕር ጠለል በላይ በግምት ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር የሚደርሰው መሬት ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ 2,334 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አሁን የተቀመጥንበት ሰፈር በዚሁ ቀበቶ የላይኛው ጠርዝ ላይ ይገኛል። ቃሉ ሲፈታ የወይን ደጋ ማለት ነው። ጤፉ የሚዘራበት፣ ሕዝቡ በብዛት የሰፈረበት፣ ነገሥታቱ ከተማ የቆረቆሩበት መሬት በጤፍ ስም አልተጠራም፤ በወይን ስም ተጠራ። ይሁን እንጂ ዛሬ በዚህ መሬት ላይ ወይን የሚያለማ ገበሬ ፈልጎ ማግኘት ብርቅ ነው። ስሙ ቀርቶ ተክሉ የት ሄደ? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

ጥያቄው የቆየ ቢሆንም ያጠነከረብኝ በቅርቡ ከተማሪዎቼ ጋር ያደረግሁት የአንድ ቀን የወይን ጉብኝት ነው። እንዲህ ያለው ጉዞ በደቡብ አውሮፓ የታወቀ ነው። ፍሎረንስ ወይም ፖርቶ የገባ መንገደኛ ጠዋት በአስጎብኚ እየተመራ ወደ ገጠር ይወጣል፤ የወይን እርሻ ያያል፣ ጓዳ ውስጥ ይገባል፣ ሦስት አራት ዓይነት ቀምሶ ማታ ይመለሳል። የእኛው ጉዞ ከቦሌ ይነሣል። በቱሉ ዲምቱ በኩል እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ሞጆ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ቆቃን አልፎ፣ መቂን አቋርጦ ባቱ፣ በቀድሞ አጠራሯ ዝዋይ፣ ይገባል። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በዝዋይ የሚገኘው የካስትል ወይን እርሻ ሥራው የተጀመረው በ2007 ነው። የፈረንሳዩ ኩባንያ ችግኞቹን ከአገሩ አስመጥቶ ከ100 ሄክታር በላይ መሬት ላይ ተከለ፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን እና ሻርዶኔ የተባሉትን ዝርያዎች። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2014 ለገበያ ቀረቡ፤ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የሚሉ ስሞችም ወጡላቸው። ጉማሬና ጅብ ወደ እርሻው እንዳይገቡ ዙሪያው ቦይ ተቆፍሮለታል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ያህል ላይ ስለሚገኝ ስፍራው በትክክል ወይና ደጋ ነው። ስሙና ተክሉ እንደገና ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ከእኛ ጋር የተጓዘው አስጎብኚ ሥራውን የሚወድ፣ ጨዋና ዐዋቂ ወጣት ነበር። ብርጭቆው እንዴት እንደሚያዝ፣ ቀለሙ በብርሃን እንዴት እንደሚታይ፣ ሽታው እንዴት እንደሚለይ አስተማረን። አንዲት ተማሪዬ ደረቁን ቀይ ወይን ተጎንጭታ «መምህር፣ ይሄ እኮ የመረረ ጠጅ ነው» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እኔ ግን ያ ቃሏ ከቀኑ ሁሉ ይበልጥ ቁም ነገር የያዘ መስሎ ታየኝ። አማርኛ ወይንን የሚያውቀው «የወይን ጠጅ» ብሎ ነውና። ጠጅ ዋናው ነው፤ ወይን የጠጅ አንድ ዓይነት ሆኖ ገባ። የቋንቋችን ሥርዐት ራሱ ከታሪካችን የወጣ ነው፤ አሁን ወደዚያው ልግባ።

ወይን ወደዚህ ምድር መምጣቱን የሚመሰክረው ጥንታዊ ጽሑፍ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ዙሪያ ጉዞ» የተባለው የግሪክ የነጋዴዎች መጽሐፍ ነው። በዞስካሌስ ዘመን በአዱሊስ ወደብ የሚራገፈውን ሸቀጥ ሲዘረዝር የሶርያዋን ሎዶቅያ ወይንና የኢጣልያን ወይን ይጠቅሳል፤ መጠኑም ጥቂት መሆኑን ይገልጻል። ለንጉሡ ግን የወርቅና የብር ዕቃ ይመጣ ነበር። በአክሱም ቁፋሮ የተገኙት የሜዲትራንያን እንስራዎች ይህን ንግድ ያረጋግጣሉ፤ በከተማዋ አካባቢ ከአለት የተፈለፈሉ ገንዳዎችንም ተመራማሪዎች የወይን መጭመቂያ ናቸው ብለው ተርጕመዋቸዋል። ከዚህ ሁሉ «ጥቂት» የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ ለሚቀጥሉት ዘመናትም ያገለግለናል።

ከ1520 እስከ 1526 በልብነ ድንግል ዘመን እዚህ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የቅዳሴው ወይን ከዘቢብ እንደሚዘጋጅ ጽፏል፤ ዘቢቡ ለቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል። ከእሸት ወይን የተጠመቀ መጠጥ በግልጽ የሚዘጋጀው በንጉሡ ቤትና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት መሆኑንም ይነግረናል። እንግዲህ የተክሉ ታሪክ በሁለት ደጆች መካከል ተወስኖ ነበር፤ በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን። የሁለተኛው ደጅ ልማድ ዛሬም ሕያው ነው። ስለት የገባች እናት ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዛ ትሄዳለች፤ ዘቢቡም በቤተልሔም ለመሥዋዕት ይዘጋጃል። ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ ገጠሩ ደብር ድረስ፣ የወይን ፍሬ በኢትዮጵያዊው እጅ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በዚህ መልኩ ነው፤ ደርቆ፣ ተቋጥሮ፣ ለእግዚአብሔር ቤት የተሰጠ።

ተክሉ ለምን ወደ ገበሬው ማሳ አልወረደም? እንደ መላምት ሁለት ምክንያት አቀርባለሁ። የመጀመሪያው የጊዜ ነው። ጤፍ በተዘራበት ዓመት ይታጨዳል፤ ወይን ግን አጥጋቢ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ይጠብቃል። ሠራዊት በየዓመቱ በሚመላለስበት፣ ጭሰኛው ነገ በመሬቱ ላይ መኖሩን እርግጠኛ ባልሆነበት አገር፣ ሦስት ዓመት የሚጠበቅ ተክል ቅንጦት ነው። ሁለተኛው የግብር ነው። ባለ ጉልቱና ቤተ መንግሥቱ ከሚጠይቁት ግብር ዋነኛው ማር ነበር፤ ከማሩም ጠጅ ይጣላል። የግብሩ ሥርዐት በማር ላይ ስለተተከለ የመኳንንቱ መጠጥ ጠጅ ሆነ፤ ወይን እንዲተካው የሚያስገድድ ነገር አልነበረም።

በዚህ ላይ ስለ ቅምሻ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛም ባህል ቀማሽ ነበር። ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከመስጠቱ አስቀድሞ በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ ይህም መጠጡ መርዝ እንደሌለው ማረጋገጫ ነው። የአውሮፓው ቅምሻ ስለ መጠጡ ጥራት ይናገራል፤ የእኛው ቅምሻ ስለ ሰው እምነት ይናገር ነበር። አንዱ የገበያ፣ አንዱ የሥልጣን ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ደቡብ አውሮፓ ልሻገር፤ የምንኮርጀውን ነገር ከነታሪኩ ማወቅ ተገቢ ነውና። የወይን ገጠር በእነርሱ ዘንድ በሕግ የተሠራ ነው። የቱስካናው መስፍን ኮዚሞ 3ኛ የኪያንቲን ወሰን ያስከለለው በ1716 ሲሆን፣ የፖርቱጋሉ ሚኒስትር ፖምባል የዱሮ ሸለቆን ያስከለለው በ1756 ነው። ጎብኚው የሚያደንቀው የቱስካና የድንጋይ ቤት ግን ሌላም ታሪክ አለው። ያ ቤት «ሜዛድሪያ» በሚባለው ሥርዐት የሚኖር አራሽ ቤት ነበር። ቃሉን እኛ መተርጐም አያቸግረንም፤ «የእኩል» እንለዋለን። አራሹ ያርሳል፣ ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር እኩል ይካፈላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አራሾቹ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ጎረፉ፤ በ1964 የወጣ ሕግም አዲስ የእኩል ውል ከለከለ። ብዙዎቹ ቤቶች ባዶ ቀሩ። ቆይቶ በ1985 የገጠር እንግዳ ተቀባይነትን የሚደነግግ ሕግ ወጣ፤ በ1993 ደግሞ ጓዳቸውን ለጎብኚ የሚከፍቱ የወይን አምራቾች ማኅበር ተመሠረተ። የአራሹ ቤት የጎብኚ ማረፊያ ሆነ። አስጎብኚው ስለ ወይኑ መዓዛ ሲናገር የእኩል አራሹ ስም ሁልጊዜ አይነሣም።

እኛም የእኩልና የሲሶ አራሽ ነበረን፤ ለዚያ ሥርዐት ማብቂያ የሆነው የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ነው። የእኛ ልዩነት ወይኑ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበትና ሰፊ እርሻ በሊዝ በሚሰጥበት ዘመን መሆኑ ነው። ስለዚህ የዝዋይን ወይን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሊዝ ውልን፣ የቀን ሠራተኛ ደመወዝንና የሐይቁን ውኃ ሳያነብብ ሊጽፈው አይችልም። ሐይቁ ከመቂና ከከታር ወንዞች ይቀበላል፤ በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ይሰጣል። ከእርሱ የአበባ እርሻው፣ የአትክልት ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁና የከተማው ነዋሪ ይጠቀማሉ። በደሴቶቹ ላይም የዛይ ሕዝብ ይኖራል፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ወደ ቱሉ ጉዶ ሸሽታ ተጠልላለች የሚል ትውፊት ጠብቆ የኖረ ሕዝብ። የወይን ጎብኚው አውቶቡስ ከዚህ ሁሉ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ይቆማል።

የአገር ውስጥ ወይንም ከ2007 በፊት ነበረ፤ ይህን ለወጣቶች ማስታወስ ያስፈልጋል። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ «ጉደር» እና «አክሱማይት» ከብዙ የአዲስ አበባ ሠርግና ድግስ አልጠፉም፤ ድርጅቱ በአርሲ መርቲ ጀጁ የወይን እርሻ አለው። ለዘመናት የመንግሥት ንብረት ሆኖ ከኖረ በኋላ በ2013 ለግል ባለ ሀብቶች ተላለፈ። ከገዢዎቹ አንዱ የሆነው የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት ስሙ «ኤይት ማይልስ» ነው፤ ስምንት ማይል ማለት ሲሆን፣ በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል ያለውን አጭሩን የባሕር ርቀት ያመለክታል። በጉዞው መካከል የምናልፈው የቆቃ ግድብም በ1960 የተመረቀው በኢጣልያ የጦር ካሳ ገንዘብ ነው። ደቡብ አውሮፓ ከእኛ የወይን መንገድ ሩቅ አይደለም፤ በካሳም፣ በካፒታልም፣ በችግኝም አብሮን ይጓዛል።

ይህን ሁሉ የምለው ጉብኝቱን ለመንቀፍ አይደለም። ለባቱ ወጣት ሥራ ይሰጣል፤ የከተማውን ሰው ከቦሌ ካፌ አውጥቶ ወደ ገጠር ይመልሳል። የሚያሳስበኝ የታሪኩ መነሻ ነው። ታሪኩ በ2007 ከጀመረ፣ ኢትዮጵያዊው በገዛ ወይና ደጋው ላይ የሌላ ሰው ጥበብ እንግዳ ይሆናል። በአዱሊስ ከጀመረ፣ በዘቢቡ ካለፈ፣ በማር ግብሩና በጭሰኛው ከተሻገረ ግን፣ ጎብኚው ብርጭቆውን ሲያነሣ የሚጠይቀው ይኖረዋል፦ ይህን መሬት ማን ያዘው? ውኃውን ማን ይካፈለዋል? ከጠርሙሱ ዋጋ ለለቃሚዋ ሴት ምን ይደርሳታል?

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ በአስጎብኚነት፣ በሙዚየም ወይም በመምህርነት ትሠማራላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉም ሥራው ክፍት ነው። የቅምሻውን ጠረጴዛ የምታዘጋጁት እናንተ ስትሆኑ፣ ከሜርሎውና ከሲራው ብርጭቆ አጠገብ አንድ ብርሌ ጠጅና አንድ እፍኝ ዘቢብ አኑሩ፤ ሦስቱ በአንድ ገበታ ላይ ሲቀርቡ የአገሪቱ የወይን ታሪክ ራሱን ያስረዳል።

አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።