የመተማመኛ ሰነድ

በምሠራበት ባንክ የውጭ ንግድ ክፍል በየቀኑ እጄ የሚገባ አንድ ወረቀት አለ። ፈረንጆቹ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ይሉታል፤ እኛ በአፋችን አሳጥረን ኤልሲ እንለዋለን፤ በአማርኛ ደብዳቤዎቻችን ላይ ግን ስሙ «የመተማመኛ ሰነድ» ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ቅኔ ቤት ሳይውል አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ሰነዱ የሚፈለገው መተማመን በሌለበት ቦታ ነውና። ሻጭ ገዥውን፣ ገዥም ሻጩን ሲጠራጠር ሁለት ባንኮች በመካከል ይገባሉ፤ ዕቃው መጫኑን የሚመሰክረው ወረቀት ተሟልቶ ሲቀርብ ገንዘቡ በዶላር ይከፈላል። ባንኩ የሚመረምረው ወረቀቱን ብቻ ነው፤ ዕቃውን ዓይኑ አያየውም። የሚተማመኑ ሰዎች ይህ ሁሉ አያሻቸውም። እናቴ ልደታ ከሚገኘው ሰፈራችን ባለሱቅ ጨውና ስኳር የምትወስደው በዱቤ ደብተር ነበር።

ይህን ሰነድ ባገላበጥሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ 1990 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በሁለት አገሮች መካከል የነበረው የዱቤ ደብተር ተዘግቶ የመተማመኛ ሰነድ ተጠየቀ፤ ስድስት ወር ሳይሞላም መድፍ ተተኮሰ።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ያህል፤ ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ነፃ አገር ሆና በግንቦት 16 ቀን ነፃነቷን ስታውጅ፣ የራሷ ባንዲራና የራሷ ፓስፖርት ነበራት፤ የራሷ ገንዘብ ግን አልነበራትም። አስመራ ላይ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ምጽዋ ላይ ዓሣ የሚሸጠው በብር ነበር። ብሩን የምታትመው አዲስ አበባ ናት። በአንጻሩ ኢትዮጵያ ወደብ አልነበራትም፤ አብዛኛው ገቢና ወጪ ንግዷ የሚያልፈው በአሰብ ነበር፤ ለወደቡም አገልግሎት የምትከፍለው በብር ነበር። አንዱ የሌላውን ገንዘብ፣ ሌላው የአንዱን በር ይጠቀማል። ሁለቱን መንግሥታት የሚመሩት ሰዎች ደርግን ጎን ለጎን የተዋጉ የበረሃ ጓደኞች ስለነበሩ፣ ይህ ሁሉ እንደ ቤተሰብ ነገር ታየ፤ ስምምነት ተፈራረሙ፤ ዝርዝሩን ግን ወዳጅነቱ ይሙላው ተባለ።

በቤተሰብ መካከል ያለ ሒሳብ ክፋቱ አለመጻፉ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ሁለቱም ወገኖች በልባቸው ይመዘግቡ ጀመር። ኤርትራ የገንዘብ ፖሊሲው ሲወሰን ድምፅ እንደሌላት፣ የዋጋ ንረቱ ግን እንደሚደርሳት ቅሬታ ነበራት። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ቡናችን በብር እየተገዛ በአስመራ በኩል በዶላር ይሸጣል የሚል ክስ በየመሥሪያ ቤቱና በየጋዜጣው ይሰማ ነበር። በ1959 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ የጀመረው በሶቪየቶች የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያም ወጪው ከጥቅሙ በልጦ ገና ጦርነቱ ሳይነሣ ቆመ፤ ኢትዮጵያ የተጣራ ነዳጅ ገዝቶ ማስገባት ይቀለኛል አለች። ከሁለቱ አገሮች የጋራ እንጀራ አንዱ በዚያው ጠፋ።

በ1990 ዓ.ም. ኅዳር መባቻ ላይ ናቅፋ ወጣ። ስሙን ያገኘው በሳህል ተራሮች ውስጥ ካለችውና የሻዕቢያ ምሽግ ከነበረችው ከተማ ነው። የኤርትራ ሐሳብ ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ እየተመነዘሩ በሁለቱም አገሮች እንዲሠሩ ነበር። ኢትዮጵያ አልተቀበለችም፤ ወዲያውም የራሷን የብር ኖቶች ለወጠች፤ ከድንበር ማዶ የቀረው አሮጌ ብር በሻንጣ ተመልሶ እንዳይገባባት ነው። ከዚያም ዋናው ውሳኔ መጣ፤ ከ2 ሺህ ብር በላይ የሆነ ንግድ ሁሉ እንደማንኛውም የውጭ ንግድ በውጭ ምንዛሪና በመተማመኛ ሰነድ ይካሄድ ተባለ። ከዚያ በታች ያለው፣ የአህያና የጀርባ ጭነት የሆነው የድንበር ሕዝብ ንግድ፣ ባለበት ይቀጥል ተባለ።

እንደ ባንክ ሠራተኛ ሳየው ሁለቱም ወገኖች ያቀረቡት ምክንያት ሚዛን ያነሣል። ነፃ አገር የራሱን ገንዘብ ማተሙ አያስነውርም። ሌላው አገርም በማያዘው ማተሚያ ቤት ለሚታተም ገንዘብ ዋስ አልሆንም ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ትክክል የሆነ የባንክ ደንብ ጊዜውን ሳይመርጥ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ያ ዓመት አሳይቷል። ከሁለቱ አንዱ፣ «ሽግግሩ ሁለት ሦስት ዓመት ይውሰድ፣ እስከዚያው ሒሳባችንን በየሩብ ዓመቱ እናወራርድ» ቢል ኖሮ እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ከምርቷ ውስጥ ወደ ውጭ ከምትልከው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የምትሸጠው ለኢትዮጵያ የነበረችው ኤርትራ ገበያዋ ባንድ ጊዜ ጠበባት፤ ጤፉም በዛላምበሳና በራማ በኩል እንደ ልብ መሄዱ ቀረ።

ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ አካባቢ ተኩስ ተከፈተ፤ ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ጦር ስፍራውን ያዘ። የስፍራው ስም ለአማርኛ ጆሮ «ባድማ»ን ያስታውሳል፤ ወርቅም ነዳጅም ወደብም የለበትም። ስለዚህ ጦርነቱ የገንዘብ ብቻ ነበር ማለት አልችልም፤ ጥንት በጣሊያን ዘመን በወረቀት የተሰመረና በመሬት ያልተተከለ ድንበር ነበር፤ የኩራት ነገርም ነበረበት። ነገር ግን ሰው ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ድንጋይ የሚጣላው ብዙውን ጊዜ በሌላ ነገር ከተቀያየመ በኋላ ነው። በአልጀርስ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ስምምነቱ ሲፈረም ከሁለቱም ወገን ከ70 ሺህ ያላነሰ ሰው አልቋል ተብሎ ይገመታል።

ወደብ ያስወድዳል፤ ያጣላልም፤ ይህ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አክሱም የወርቅ ሳንቲሟን በግሪክ ፊደል ያስቀረጸችው ለአዱሊስ ነጋዴ ነው። ዐፄ ዮሐንስም በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በዐድዋ ሲዋዋሉ ያገኙት ዋና ነገር ዕቃቸው በምጽዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ እንግሊዝ ዓይኗን ጨፍና ጣሊያን ምጽዋን ያዘ፤ በ1879 ዓ.ም. ጥር ዶጋሊ ላይ ደም ፈሰሰ። ንግድ ያስታርቃል የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እንግሊዝና ጀርመን ግን እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ አንዱ የሌላው ትልቅ ደንበኛ ነበሩ። ፈረንሳይና ጀርመን ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ሌላ መንገድ ሞከሩ፤ በ1943 ዓ.ም. በፓሪስ ከአራት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው የድንጋይ ከሰላቸውንና ብረታቸውን በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር አደረጉ። ከፍቅር የመነጨ አልነበረም፤ ገና ቁስላቸው አልሻረም ነበር። ስለማይተማመኑ ቁጭ ብለው ጻፉት። እኛ ግን ስለምንዋደድ አልጻፍነውም።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። በ1990 ዓ.ም. የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ባለሱቁን ጋሼ እንለው ነበር። የሚሸጠው ጨው የአሰብ ጨው ነው፤ በኩባያ እየሰፈረ በጋዜጣ ይጠቀልልልናል። ከሰኔ ጀምሮ የኤርትራ ተወላጆች መባረር ጀመሩ፤ በጦርነቱ ዘመን ከኢትዮጵያ የተባረሩት ወደ 75 ሺህ ይጠጋሉ፤ ከኤርትራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተባርረውም ሸሽተውም መጥተዋል። ጋሼ አንድ ቀን ጠዋት አልነበረም። ሱቁ ታሽጓል። እናቴ የዚያን ወር ዱቤ አልከፈለችም ነበርና ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ ለሚስቱ ልትሰጥ ሄደች፤ ሚስቱም በሌላ ቀን ተከተለችው፤ አላገኘቻትም። 38 ብር ነበር።

ጨው ለጥቂት ጊዜ ተወደደ። ከዚያ በአፋር ምድር የሚገኘው የአፍዴራ ሐይቅ ጨው ወጣ፤ የአሰብን ቦታ ወስዶ ዛሬም በየቤታችን አለ። መርከቦቹ ወደ ጅቡቲ ዞሩ፤ ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከመቶ 90 በላይ የሆነው በዚያ ያልፍ ጀመር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም የተዘረጋው ወደዚያው ነው። በእጄ በሚያልፉት ሰነዶች ላይ የማራገፊያ ወደብ በሚለው መስመር የማነበው ጅቡቲ፣ ጅቡቲ፣ ጅቡቲ ነው። አሰብ ጭር ብሎ ኖረ፤ ከ2008 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለየመን ጦርነት መንደርደሪያ አደረጉት፤ እነሱም በ2013 ዓ.ም. ነቅለው ሄዱ። በሁለቱ አገሮች ዘንድ ያተረፈ ሰው ቢኖር በበኩሌ አላየሁም።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ የሰላም መግለጫ ተፈረመ። ስልክ ተከፈተ፤ ሐምሌ 11 ቀን አውሮፕላን በረረ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቡሬና በዛላምበሳ ድንበሩ ተከፈተ። ሰዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በቴሌቪዥን አየን፤ እኔም አለቀስሁ። የጭነት መኪኖች ጤፍና ሲሚንቶ ጭነው ተሻገሩ። ሆኖም ቀረጡ ስንት ነው? ምንዛሪው በምን ተመን ነው? አሰብስ በምን ሒሳብ? የሚል ጽሑፍ አልወጣም፤ ገበያው ራሱ በየጎዳናው ይመነዝር ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ኬላዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በ1985 ዓ.ም. ያልተጻፈው በ2010 ዓ.ም.ም አልተጻፈም። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ የአስመራ በረራውም ቆመ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 22 ቀን ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድም ሶማሊያን አስቆጥቶ፣ በተከታዩ ዓመት አንካራ ድረስ ለሽምግልና አስኬደ። አሁን ደግሞ የአሰብ ስም በየመድረኩ ይነሣል፤ ሲነሣ የምሰማው ድምፅ ደስ አይለኝም። ስለ ወደብ የሚናገረው ሰው ብዙ ነው፤ ስለ ታሪፍና ስለ ክፍያ የሚናገረውን ግን ጥቂት ብቻ ሰምቻለሁ።

የስልኩ መስመር የተከፈተ ሰሞን እናቴ የጋሼን ቁጥር በዘመድ በዘመድ አፈላልጋ አገኘች። እንደ ድሮው እየተሳሳቁ አወሩ። ስልኩን ስትዘጋ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተ ባንክ ቤት አይደለህ? ያ 38 ብር ዛሬ በናቅፋ ስንት ይሆናል? ልላክለት» አለችኝ። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ የዕለቱን የምንዛሪ ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ዶላር አለ፣ ዩሮ አለ፣ ፓውንድ አለ፣ የሳዑዲ ሪያል አለ። ናቅፋ የለም።