የጋፋት መድፍና የአፈ ሙዝ ልክ

የአፈ ሙዝ ስፋት፣ ርዝመትና ውፍረት ሲመረጥ፣ ከሚመታው ነገር ባላነሰ የሚሸከመው አካል ይታሰባል። የዝሆን አዳኞች ይህን ከትከሻቸው ተምረዋል። በእንግሊዝ አዳኞች ልማድ የአፈ ሙዝ ስፋት ይጠራ የነበረው ከአንድ ፓውንድ፣ ማለት ከ454 ግራም እርሳስ በሚወጣው የድቡልቡል ጥይት ቍጥር ነው። ቍጥር 10 የተባለው ጠመንጃ የፓውንድ ዐሥረኛ፣ ቍጥር 2 የተባለው ደግሞ የፓውንድ እኩሌታ ይተኩሳል፤ የኋለኛው ጥይት ወርድ 34 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በሰቲት ወንዝ ዳር ሲያድን፣ ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ፈንጂ ጥይት የሚተኩስ፣ ለራሱ በትእዛዝ የተሠራ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ዐረቦች አሽከሮቹ «የመድፍ ልጅ» አሉት። ዝሆኑን ይጥላል፤ ተኳሹንም ያሽከረክራል። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ እምብዛም አይደፍረውም ነበር።

እውነተኛው መድፍ የተሠራው ከዚያ 5 ዓመት በኋላ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ያሰፈሯቸው የእጅ ባለሙያዎች፣ ከእነርሱም ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆል፣ መድፍ እንዲሠሩ በታዘዙ ጊዜ ሙያውን አናውቅም ብለው ነበር። ትእዛዙ ግን አልተነሣም። በ1859 ዓ.ም. ከነሐስ አቅልጠው ያወጡት ትልቁ ሥራ፣ በክሪሚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም «ሴባስቶፖል» ተባለ።

ይህን ሥራ የንጉሥ ዕብሪት ብቻ አድርጎ መቍጠር የተለመደ ነው፤ ፍርዱ ግን የችኰላ ይመስላል። ሴባስቶፖል አጭርና ሰፊ አፍ ያለው፣ አረሩን ወደ ላይ ወርውሮ በምሽግ ላይ የሚጥል የመድፍ ዐይነት ነው። ረጅም አፈ ሙዝ ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ መሰርሰር አለበት፤ ለዚያም መኪና ያሻል። አጭሩና ሰፊው ግን ከሸክላ ቅርጹ እንደ ወጣ ለሥራ ሊቀርብ ይችላል። በጋፋት እጅ ለነበረው መሣሪያ የሚስማማው ይኸው ነበር።

ችግሩ በሌላ በኩል መጣ። የአፉ ስፋት እጥፍ ሲሆን የድቡልቡሉ አረር ክብደት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። አፈ ሙዙም የባሩዱን ግፊት እንዲችል በዚያው መጠን መወፈር አለበት። ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ሆነ። በአዳኝ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ዕዳ እዚህ በመንገዱ ላይ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ መድፉ በሠረገላ ላይ ሆኖ በብዙ መቶ ሰው ይጐተት ነበር። መንገድ አልነበረም፤ ተጠረገ። ዐፄ ቴዎድሮስም በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ መውጣት ተጨምሮበት ጕዞው ስድስት ወር ያህል ወሰደ፤ የሮበርት ናፒየርም ጦር ከባሕር ዳርቻ የገሠገሠው በእነዚሁ ወራት ነው።

እንግሊዞች ስለ አፈ ሙዝ ልክ ያሰቡት በበቅሎ ጀርባ ነበር። የተራራ መድፋቸው ከብረት የተሠራ፣ የአፉ ስፋት 76 ሚሊሜትር፣ የአፈ ሙዙ ክብደት 68 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ለከባድ መድፎቻቸው ግን ከሕንድ 44 ዝሆኖች ማምጣት ግድ ሆኖባቸዋል፤ አዳኝ የሚያሳድደው አውሬ በዚህ ዘመቻ የመድፍ ተሸካሚ ሆነ። እግረኛው የያዘው ስናይደር ጠመንጃ 14.7 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ከኋላ የሚጐርስ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ውጊያው ሲከፈት፣ «ቴዎድሮስ» የተባለው ሌላው ትልቅ መድፍ ከልኩ በላይ ባሩድ ስለ ጐረሰ በመጀመሪያው ተኵስ ፈነዳ። ከኢትዮጵያውያን ወገን የሞቱት 700 ገደማ ይባላሉ፤ አብዛኛውን የጣላቸው ያ ጠባብ አፈ ሙዝ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ ሽጕጣቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በአምባው ላይ ተቀምጧል፤ በአዲስ አበባ በስማቸው በተሰየመው አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።