የተምች እናት

ማታ አምፖሉን እየዞረች ግድግዳ የምትመታዋን የእሳት እራት ታውቋታላችሁ አይደል? በጫማ አባርረናት እንተኛለን። በጭሮ (በቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርናና በገለምሶ ዙሪያ ላለ ገበሬ ግን ከዘመዶቿ አንዷ ቀላል እንግዳ አይደለችም። የተምች እናት ናት።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሩን የፈጀው ክፉ ቀን ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የከብቱን እልቂት ነው። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹም ግን አብረው ነበሩ። በሬ ያለቀበት ገበሬ እንደምንም ያበቀላትን ደግሞ ትል በላበት።

የድሮ ሰው ተምች ከሰማይ ወረደ ቢል አይፈረድበትም። እውነትም በሰማይ ነው የሚመጣው። የእሳት እራቷ ሌሊት በነፋስ ታግዛ ከታንዛኒያና ከኬንያ በኩል ወደ ሰሜን ትጓዛለች፤ ዝናብ ባገኘበት ለምለም ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ትሎቹ ጥቂት ሲሆኑ አረንጓዴ ናቸው፣ ይደበቃሉ። ሲበዙ ይጠቁሩና በጠራራ ፀሐይ እንደ ጦር ይተማሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት በልተው አፈር ይገባሉ፤ ከዚያ ክንፍ አውጥተው እብስ!

ምርጫቸው ይገርማል። የሚበሉት የሣር ዘር ነው፦ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ጤፍ። ጫትና ቡናን ዞር ብለው አያዩም። ጨርጨር ላይ ማሽላና ጫት ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ስለዚህ ተምች ሲያልፍ የገበያው ይቀራል፣ የጓዳው ይሄዳል። ቀጥሎ ጫት ሸጦ እህል መግዛት ነው፤ ለዚያውም እህል በሚወደድበት ሰሞን።

እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የቆመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተምችንም ይከታተላል። ዘዴው ቀላል ነው፤ የሴቷን ጠረን በያዘ ወጥመድ ወንዶቹን ይዞ መቁጠር። ቁጥሩ ሲያሻቅብ ትሉ ሳይፈለፈል ማስጠንቀቂያ ይደርሳል።

በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ መጣ፦ የአሜሪካ መጤ ተምች። ከዓመት በፊት ምዕራብ አፍሪካ የታየ ነው። የድሮው በልቶ ይሄዳል፤ ይኸኛው በቆሎው እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል፣ አገሩንም ለምዶ ቀርቷል።

ታሪኩ ሁሌ አንድ ነው፤ ትሉን ስናይ እናቱ ካለፈች ሰንብታለች። እናም ገጠር ዘመድ ያላችሁ፣ ከዝናብ በኋላ ስትደውሉ «ደህና ናችሁ?» ብላችሁ አታብቁ። «የማሽላውን ቅጠል ገልጣችሁ አያችሁት?» በሉ።