ሰነድ መከልከልና ተጠያቂነት፦ ኦዲት ማደናቀፍን የሚመለከት ቅጣትና የሥራ ርክክብ ከወይጦ አንጻር

መግቢያ

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዋና ኦዲተር የመንግሥትን የሒሳብ መዛግብት በማናቸውም ጊዜ የማየት መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የማቅረብን ኃላፊነት ለዋና ኦዲተር ሰጥቷል፤ ዝርዝሩን አዋጅ ቁጥር 982/2008 ይዟል። ክልሎችም የየራሳቸው ዋና ኦዲተር አላቸው። ይህ መጣጥፍ ኦዲት ማደናቀፍን የሚመለከት ቅጣት ከሥራ ርክክብ ግዴታ ጋር ካልተሳሰረ በወረዳ ደረጃ ሊፈጸም እንደማይችል ይሟገታል።

እንቅፋቱ በተግባር

ወይጦ ከኮንሶ ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በበና ፀማይ ወረዳ ትገኛለች። ለአካባቢው ትምህርት ቤት ወንበር ተገዛ እንበል። ወንበሩ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጥለታል። ኦዲተሩ የክፍያ ሰነዱን ከሁለቱ ጋር ማመሳከር አለበት። በዚህ ጊዜ በሩን የሚዘጋበት ሰው አይኖርም። «ንብረት ክፍሉ ሳያስረክብ ተዛውሯል»፣ «ኃላፊው ጂንካ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። የመስክ ቀኑ ያልቃል፤ «ሰነድ አልቀረበም» የሚል ግኝት ተጽፎ ቡድኑ ይመለሳል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት መሥሪያ ቤቶቹ ጂንካን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች ተደልድለዋል። እንዲህ ያለ ሽግግር ርክክብን ይበልጥ አንገብጋቢ ያደርገዋል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣችው ሕግ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ የፌዴራል ገንዘብ በውል ወይም በድጋፍ የተቀበለን ወገን የሚመረምር ኦዲተርን ማደናቀፍ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል ይላል። ሆኖም መንግሥትን የማታለል ወይም የማጭበርበር ሐሳብ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጓን አሻሽላ፣ ኦዲተር ጄኔራሉ የደረሰውን ጉዳት በኃላፊው ላይ የግል ዕዳ አድርጎ እንዲወስን ሥልጣን ሰጥታለች። የመጀመሪያው መንገድ የሐሳብ ክፍልን ማስረጃ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ተጠያቂነቱን ከኃላፊነቱ ጋር ያያይዘዋል።

ትንታኔ

የጠፋንና የተደበቀን ሰነድ መለየት ለዐቃቤ ሕግ ከባድ ፈተና ነው። የርክክብ ሰነድ ካለ ግን ጥያቄው ይቀላል፦ ማን ተረከበ? መቼ? በማን ፊርማ? ያስረከበው ነጻ ይሆናል፤ የተረከበው ይጠየቃል። ርክክብ ካልተደረገ፣ ሳያስረክብ የሄደው ሠራተኛና መልቀቂያውን የፈረመለት ኃላፊ በየድርሻቸው ሊጠየቁ ይገባል። ይህ ካልሆነ የቅጣቱ በትር የሚያርፈው ትእዛዝ ተቀብሎ ባደረው ንብረት ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ ያም ፍትሕ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ሦስት እርምጃዎች ያስፈልጋሉ። ኦዲተሩ ሰነድ ሲጠይቅ የጊዜ ገደብ ያለው ደብዳቤ ይስጥ፤ መሥሪያ ቤቱም በፊርማ ይረከብ። ገደቡ ሲያልፍ እምቢታው በቃለ ጉባኤ ተይዞ ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፍ። ማንኛውም ዝውውር የርክክብ ማረጋገጫ ሳይቀርብ አይጽና። የወይጦ አርብቶ አደር ልጅ የምትቀመጥበት ወንበር በስሟ ተገዝቶ የት እንደደረሰ የመጠየቅ መብት ያላት ዜጋ ናት፤ መልሱ የሚገኘውም ከሰነዱ ነው።