የ70 ፊደል ማስታወቂያ

እ.ኤ.አ. በ1985 በጀርመኗ ቦን ከተማ ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የተባለ የቴሌኮም መሐንዲስ ቤቱ ቁጭ ብሎ የመጣለትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በጽሕፈት መኪና ይመታ ነበር። ይመታና ፊደሉን፣ ነጥቡን፣ ክፍት ቦታውን ሳይቀር ይቆጥራል። ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ሁለት መስመር ሆኖ ከ160 በታች አለቀ። የፖስታ ካርዶችና የቴሌክስ መልእክቶች ሲታዩም ነገሩ ያው ሆነ። ዛሬ በስልክ የሚላክ ማስታወቂያ ጸሐፊ የሚታገለው ከዚህ ልክ ጋር ነው። ልኩን ያወጣው ነጋዴ አልነበረም።

በእርግጥ ከቆጠራው ጀርባ የመስመሩ ጥበት አለ። አጭር መልእክት እንዲጓዝ የታሰበው ስልኩና ጣቢያው እርስ በርስ ምልክት በሚለዋወጡበት ቀጭን መንገድ ነው፤ እዚያ የተገኘው ቦታ 140 ባይት ብቻ ነበር። ለአንድ የላቲን ፊደል 7 ቢት ሲመደብ 160 ፊደል ይገባል። ዲሴምበር 3 ቀን 1992 እንግሊዛዊው ኒል ፓፕዎርዝ ከኮምፒዩተር ወደ ቮዳፎኑ ሪቻርድ ጃርቪስ ስልክ የገና መልካም ምኞት ላከ። የጃርቪስ ስልክ መልስ መጻፍ አይችልም ነበር። ላኪው ብቻ የሚናገርበት መሆኑን ሳይ፣ የማስታወቂያ ጠባይ ከመጀመሪያው ቀን አብሮት ተወልዷል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የእኛ ፊደል ወደዚህ ታሪክ የገባው ዘግይቶ ነው። የዓለምን ፊደላት በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ በ1999 ፊደላችንን ሲቀበል ለእያንዳንዱ ሆሄ በስልክ መልእክት ውስጥ 16 ቢት ያስፈልግ ነበር። በዚያው 140 ባይት ውስጥ እንግዲህ 70 ሆሄ ብቻ ይገባል። 71ኛዋ ሆሄ መልእክቱን ለሁለት ትሰነጥቀዋለች፤ ማያያዣውም ቦታ ስለሚሻማ ለእያንዳንዱ ክፍል 67 ይቀራል። ላኪው የሁለት መልእክት ዋጋ ይከፍላል።

ብዙዎች ይህን አይተው አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ያዋጣል ብለዋል። ስሌቱን ግን እስቲ በሰላምታው እንፈትሸው። «ውድ ደንበኛችን» ክፍት ቦታውን ጨምሮ 9 ሆሄ ነው፤ ከ70ው አንድ ስምንተኛውን ይበላል። በላቲን ሲጻፍ 16 ይሆንና ከ160ው አንድ አሥረኛውን ይወስዳል። የአማርኛ ሆሄ ተነባቢና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚሸከም ጉዳቱ የሚወራውን ያህል አይደለም። በላቲን «መታ» እና «መጣ» አንድ ዓይነት ሆነው እንደሚቀሩ ሲታሰብማ ትርፉ ራሱ ያጠራጥራል።

የከበደው ችግር ሌላ ቦታ ነው። አማርኛ ግሡን ለመጨረሻ ያስቀምጣል። «ይመዝገቡ»፣ «ይላኩ»፣ «ይደውሉ» የሚለው ዋናው ቃል ጭራ ላይ ይቀመጣል፤ ስልኩ ሳይከፈት በገጹ ላይ የሚታየው ደግሞ የመልእክቱ መጀመሪያ ነው። ሰላምታ ያስቀደመ ጸሐፊ አንባቢው ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልግ ሳይነግረው መስመሩ ያልቅበታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሞባይል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1999 አዲስ አበባ ላይ ቢጀመርም፣ የ1997 ዓ.ም. ምርጫን ተከትሎ የተዘጋው የአጭር መልእክት አገልግሎት የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። ሌላው ዓለም በአጭሩ መሸጥን በሚማርባቸው በእነዚያ ሁለት ዓመታት የእኛ ጸሐፊዎች መለማመጃው አልነበራቸውም። በኋላ ለሕዳሴው ግድብ ገቢ ለማሰባሰብ ሕዝቡ የላቲኑን «ኤ» ጽፎ ወደ 8100 እንዲልክ ሲጠየቅ፣ ከተቀባዩ የሚፈለገው አንዲት ፊደል ሆነ። ከዚህ በላይ ማሳጠር አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ትዊተር 140 ፊደልን የመረጠው ከ160ው ላይ 20ውን ለተጠቃሚው ስም ትቶ ነው። በ2017 ልኩን ወደ 280 ሲያሳድግ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ በጥቂት ምልክት ብዙ ስለሚሉ በነበሩበት ቀሩ። የቆጠራው ሕግ ግን ቋንቋን በስሙ አልጠራም፤ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ እስከ 4351 ያለውን ምልክት እንደ አንድ፣ ከጥቂቶች በስተቀር ከዚያ በላይ ያለውን እንደ ሁለት ይቆጥራል። የኢትዮጵያ ፊደል የሚጀምረው 4608 ላይ ነው።